የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ለግብርና ሥራ፦ ትክክለኛውን ቁጥር ከትክክለኛው ሰንጠረዥ ማግኘት

የምርት ዘመን ዕቅድ ሲዘጋጅ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ? የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት፣ የምርት ግብ፣ የምግብ ክፍተት ግምት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ መልስ ጋር የተያያዘ ነው። መልሱን ፍለጋ የዕቅድ ባለሙያው ኮምፒዩተሩን፣ ያ ከሌለም ስልኩን ከፍቶ ወደ ኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ድረ ገጽ ይገባል።

በድረ ገጹ ላይ ቁጥር አይጠፋም። አስቸጋሪው ከብዙ ቁጥሮች መካከል ለተነሳው ጥያቄ የሚስማማውን መለየት ነው። የአገር አቀፍ አማካይ ለወረዳ፣ የበልግ ውጤት ለመኸር፣ የቅድመ ምርት ትንበያ ለመጨረሻ ውጤት ተወስዶ በዕቅድ ላይ ሲሰፍር ስህተቱ ወረቀት ላይ አይቀርም። እስከ ማሳና እስከ ጎተራ ይዘልቃል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ2010 የመኸር ምርት ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 3 ነጥብ 02 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በጤፍ ተሸፍኖ ወደ 52 ነጥብ 8 ሚሊዮን ኩንታል ምርት መገኘቱን የተቋሙ ዓመታዊ ጥናት ያሳያል። ይህም በአማካይ በሄክታር 17 ነጥብ 48 ኩንታል ማለት ነው። አሁን 20 ሺህ ሄክታር መሬት በጤፍ የሚሸፍን አንድ ወረዳ አለ እንበል። የወረዳው መሬት ቀጭን፣ ዝናቡም አጭር በመሆኑ እውነተኛ ምርታማነቱ 14 ኩንታል ቢሆን ጠቅላላ ምርቱ 280 ሺህ ኩንታል ነው። ባለሙያው የአገሪቱን አማካይ ወስዶ ቢያሰላ ግን 349 ሺህ 600 ኩንታል ይመጣለታል። በሁለቱ መካከል ያለው 69 ሺህ 600 ኩንታል ጤፍ በሪፖርት ላይ አለ፣ በማንም ጎተራ ውስጥ ግን የለም። የምግብ ክፍተት ያለባቸው ቀበሌዎች የሚለዩት በዚህ ስሌት ከሆነ እርዳታ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ትርፍ አምራች ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" እንዲሉ የሌላ አካባቢ አማካይም ወረዳን አይገልጽም።

ከመግባት በፊት አምስት ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቀደም ሲል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በሚል ስም ሲታወቅ የቆየው ተቋም ነው። ከስሙ ጋር የድረ ገጹ አድራሻም ስለተለወጠ በቆዩ ሰነዶችና መመሪያዎች ላይ የተጻፈው አድራሻ ላይሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተቋሙን አዲስ ስም በመፈለጊያ ሳጥን ላይ ጽፎ መፈለግ ይቀላል።

ድረ ገጹ ሪፖርቶቹን በየዘርፋቸው ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ግብርና፣ ዋጋ፣ ሕዝብ ብዛት፣ የቤተሰብ ኑሮ፣ ኢንዱስትሪና ሌሎችም በየራሳቸው ይገኛሉ። የገጹ አደረጃጀት በየጊዜው ስለሚሻሻል "ይህን ተጫን፣ ከዚያ ያን ተጫን" ብሎ መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከመግባት በፊት አምስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መልሶ መያዝ ነው። የሚፈለገው ምንድን ነው? የየት አካባቢ? የትኛው ወቅት? የትኛው ዓመት? በምን መለኪያ? "የጤፍ መረጃ እፈልጋለሁ" ብሎ የገባ ሰው ግማሽ ቀን ሊዞር ይችላል። "የምሥራቅ ጎጃም ዞን የ2010 መኸር የጤፍ ምርታማነት፣ በሄክታር በኩንታል" ብሎ የገባ ግን የትኛውን ሰነድ እንደሚከፍት ያውቃል።

የትኛው ቅጽ ምን ይዟል

ለግብርናው ዘርፍ ዋናው ሰነድ ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ሪፖርት ነው። ጥናቱ ከ1973 ዓ.ም ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ሲሆን ውጤቱ በአንድ መጽሐፍ ሳይሆን በተለያዩ ቅጾች ተከፋፍሎ ይወጣል። ቅጽ አንድ የመኸር ዋና ዋና ሰብሎችን የመሬት ሽፋንና ምርት ይይዛል። ቅጽ ሁለት ስለ እንስሳት ሀብት ነው። ቅጽ ሦስት የማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ዘር፣ የፀረ ተባይና የመስኖ አጠቃቀምን የመሳሰሉ የእርሻ አሠራሮችን፣ ቅጽ አራት የመሬት አጠቃቀምን፣ ቅጽ አምስት ደግሞ የበልግ ሰብሎችን ይመለከታል። ከዚህ ውጭ አርሶ አደሩ ካመረተው ምን ያህሉን ለምግብ፣ ለዘርና ለሽያጭ እንዳዋለ የሚያሳይ ሪፖርት አለ።

የማዳበሪያ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ቅጽ አንድን ብቻ ከፍቶ የማዳበሪያ ሰንጠረዥ ቢያጣ "መረጃው የለም" ብሎ መውጣት የለበትም። የሚፈልገው በቅጽ ሦስት ውስጥ ነው።

በቅጽ አንድ የሰብል ሰንጠረዦች ላይ ለእያንዳንዱ ሰብል አራት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። እነሱም ሰብሉን ያመረቱ ባለይዞታዎች ብዛት፣ የተሸፈነው መሬት በሄክታር፣ የተገኘው ምርት በኩንታል እና ምርታማነቱ በኩንታል በሄክታር ናቸው። ሰንጠረዦቹ ከአገር አቀፍ ይጀምሩና ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ዞን ይወርዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አይቶ መዝጋት የአገሪቱን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። የዞኑን ለማግኘት በሰነዱ ውስጥ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ በመሆኑ ጥቂት ቃላትን ማወቅ ፍለጋውን ያቀላል። ባርሊ ገብስ፣ ዊት ስንዴ፣ ሜይዝ በቆሎ፣ ሶርገም ማሽላ፣ ፊንገር ሚሌት ዳጉሳ ነው። ከጥራጥሬ ፋባ ቢን ባቄላ፣ ፊልድ ፒ አተር፣ ቺክ ፒ ሽምብራ፣ ሌንትል ምስር፣ ግራስ ፒ ጓያ ነው። ከቅባት እህል ሊንሲድ ተልባ፣ ሰሳሚ ሰሊጥ ነው፤ ኑግ ግን በራሱ ስም ይጻፋል። ኤሪያ የመሬት ስፋት፣ ፕሮዳክሽን ጠቅላላ ምርት፣ ዪልድ ምርታማነት ነው። የዞን ስሞችም ሲጻፉ አቅጣጫቸው ይተረጎማል። ደቡብ ወሎ "ሳውዝ ወሎ"፣ ምሥራቅ ጎጃም "ኢስት ጎጃም" ተብለው ስለሚገኙ በሰነዱ ውስጥ በፊደል የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያስታውስ ይደክመው የነበረውን ይቆጥባል።

የመኸርና የበልግ፣ የትንበያና የውጤት ልዩነት

በጥናቱ አጠራር የመኸር ሰብል የሚባለው ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የሚሰበሰብ ዓመታዊ ሰብል ነው። የበልግ ሰብል ደግሞ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚሰበሰበው ነው። መለያው የተዘራበት ሳይሆን የተሰበሰበበት ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በበጋ በመስኖ የለማ ስንዴ እንደ አጨዳው ወር ከመኸሩ ሰንጠረዥ ውጭ ሊሆን ይችላል። የወረዳው ባለሙያ የመኸርና የመስኖ ስንዴን በአንድ ላይ ደምሮ ከቅጽ አንድ ጋር ቢያነጻጽር የማይገናኙ ነገሮችን ማነጻጸሩ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትንበያን ከውጤት መለየት ላይ ነው። ተቋሙ አዝመራው ተሰብስቦ ሳያልቅ የሰብል ምርት ትንበያ ጥናት የሚያካሂድ ሲሆን ይህም በአርሶ አደሮች ግምት ላይ የተመሠረተ ነው። ከአጨዳ በኋላ የሚወጣው ዋናው ሪፖርት ግን በማሳ ላይ ልኬት የተደገፈ ነው። ሁለቱም የአንድ ዓመት ቁጥር ስለሚይዙ ርዕሱን ሳያነብ የሚያወርድ ሰው ሊያምታታቸው ይችላል። ስለዚህ የሽፋኑን ገጽ ሙሉ በሙሉ ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል።

ሽፋኑ ሌላም ነገር ይናገራል። ቅጽ አንድ የሚመለከተው የግል አርሶ አደር ይዞታን ነው። የሰፋፊና የመካከለኛ የንግድ እርሻዎች ምርት በዚህ ውስጥ አይደመርም፤ ለብቻው ይጠናል። ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻ ያለበት ቆላማ ወረዳ የራሱን ጠቅላላ ምርት ከዚህ ቅጽ ጋር አስተያይቶ "ቁጥሩ አነሰ" ቢል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የሚገኙ አርብቶ አደር አካባቢዎች በጥናቱ ሙሉ በሙሉ አይሸፈኑም። በጦርነት ምክንያት ያልተሸፈኑ አካባቢዎች ያሉባቸው ዓመታትም አሉ። የጥናቱ ሽፋን በመግቢያው ላይ ስለሚገለጽ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ከዓመት ዓመት የሚያነጻጽር ሰው ይህን ክፍል ሳያይ ማለፍ የለበትም።

ዘመንና ወሰን

በእንግሊዝኛው ሪፖርት ላይ ዓመቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል። ለምሳሌ 2017/18 የሚለው የ2010 ዓ.ም የምርት ዘመን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ቁጥር 7፣ ከሁለተኛው 8 ሲቀነስ ሁለቱም ወደ አንድ የኢትዮጵያ ዓመት ይመጣሉ። ከመጀመሪያው ቁጥር 8 የቀነሰ ሰው ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ትንሽ መስሎ ቢታይም ልዩነት አለው። የ2009 የጤፍ ምርታማነት በአገር አቀፍ ደረጃ 16 ነጥብ 64 ኩንታል ሲሆን የ2010 17 ነጥብ 48 ነው። ዓመቱን ያሳሳተ ዕቅድ በሄክታር 84 ኪሎ ግራም ያሳስታል።

የአስተዳደር ወሰን ለውጥም እንዲሁ ያምታታል። ነባሩ ሰሜን ጎንደር ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ከመከፈሉ በፊት በነበሩ ሰንጠረዦች ላይ "ሰሜን ጎንደር" የሚለው ስም ሦስቱንም ያካትታል። ከዚያ በኋላ በወጣው ሰንጠረዥ ላይ ያው ስም አንዱን ብቻ ይወክላል። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው የሰሜን ጎንደር ምርት በአንድ ዓመት ውስጥ አሽቆለቆለ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የቀነሰው ግን ምርቱ ሳይሆን የዞኑ ስፋት ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥር የነበሩ አካባቢዎችም ከ2012 ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብለው በየራሳቸው ክልል ስለሆኑ በድሮ ሰንጠረዥ ላይ ያለው የደቡብ ቁጥር ከአሁኑ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

የወረዳ ቁጥር ለምን ይጠፋል?

የወረዳ ባለሙያዎች አብዝተው የሚፈልጉት በወረዳቸው ስም የተጻፈ ቁጥር ነው። በዓመታዊው የሰብል ሪፖርት ውስጥ ግን ከዞንና ከጥቂት ልዩ ወረዳዎች በታች አይወርድም። ይህ የድረ ገጹ ጉድለት ሳይሆን ከጥናቱ አሠራር የሚመጣ ነው።

ጥናቱ እያንዳንዱን አርሶ አደር አይቆጥርም። በየዞኑ የቆጠራ ቦታዎች በናሙና ይመረጣሉ። በእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ ደግሞ 20 የግብርና ቤተሰቦች ይመረጣሉ። መረጃ ሰብሳቢው የማሳቸውን ስፋት ይለካል። ቀድሞ በኮምፓስና በሜትር የነበረው ልኬት በኋላ በጂፒኤስ መሣሪያ እየተተካ መጥቷል። ምርታማነቱን ለማወቅ ከተመረጡ ማሳዎች ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ ተከልሎ ሰብሉ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚወድቁት የቆጠራ ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ስለ ዞኑ በቂ ምስክር ቢሆኑም ስለ ወረዳው ብቻቸውን ለመናገር አይበቁም።

እስከ ወረዳ የወረደ የግብርና መረጃ የሚገኘው በ1994 ዓ.ም ከተካሄደው የግብርና ናሙና ቆጠራ ነው። ይህ ሰነድ የወረዳውን የቀድሞ ገጽታ ለማየት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ ለዘንድሮ ዕቅድ እንደ ወቅታዊ ቁጥር ሊወሰድ አይገባም።

ታዲያ የወረዳው ባለሙያ ምን ያድርግ? የዞኑን ምርታማነት እንደ ማነጻጸሪያ፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተሰበሰበውን የወረዳውን ቁጥር እንደ ራሱ መረጃ አድርጎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል። ሁለቱ የሚሰበሰቡበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይጠበቅም። የወረዳው ቁጥር ከዞኑ በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። የወረዳው አፈር፣ ዝናብና የግብዓት አቅርቦት ልዩነቱን ያስረዳሉ? የሚያስረዱ ከሆነ በሪፖርቱ ላይ ማስፈር፣ ካልሆነ ደግሞ ወደ ቀበሌ ተመልሶ ማጣራት ተገቢ ነው። ቁጥሩን ከዞኑ ጋር ለማመሳሰል ማስተካከል ግን መረጃውን ማበላሸት ነው።

በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የሚገኙት የናሙና ስህተት ሰንጠረዦችም ሊታለፉ አይገባም። በዞኑ በስፋት የሚመረት ሰብል ስህተቱ አነስተኛ ነው። በጥቂት ማሳዎች ላይ ብቻ የሚገኝ ሰብል ግን ስህተቱ ስለሚሰፋ ቁጥሩን በጥርጣሬ መያዝ ያስፈልጋል። በሰንጠረዡ ውስጥ ባዶ ወይም በኮከብ ምልክት የታለፈ ሳጥን ሲያጋጥምም የግርጌ ማስታወሻውን ማንበብ ይገባል። "ምርት የለም" ማለት ላይሆን ይችላልና።

ለአርሶ አደሩ ምን አለው?

ድረ ገጹ ለቢሮ ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። ስልክ የያዘ አርሶ አደር፣ ካልሆነም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁ፣ ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን ሊያገኝበት ይችላል።

የመጀመሪያው የራሱን ምርት ማነጻጸር ነው። ለዚህ ሄክታሩን ወደሚያውቀው መለኪያ መመለስ ያስፈልጋል። በብዙ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል። በዚህ መሠረት የ2010 አገር አቀፍ የጤፍ አማካይ በጥማድ 437 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በዚያ ዓመት ከአንድ ጥማድ ሦስት ኩንታል ያገኘ አርሶ አደር ከአማካዩ በታች መሆኑን ያያል። የዞኑን ቁጥር ጨምሮ ሲያይ ደግሞ ክፍተቱ የአካባቢው ሁሉ ይሁን የእሱ ማሳ ብቻ መለየት ይችላል። ከዚያ በኋላ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር የሚያደርገው ውይይት መነሻ ያገኛል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች አሉ። አንደኛው የግብርና ምርቶች የአምራቾች ዋጋ ሲሆን አርሶ አደሩ ምርቱን ሲሸጥ የሚያገኘውን ዋጋ በክልልና በዞን ያሳያል። ሌላኛው የችርቻሮ ዋጋ ሲሆን ሸማቹ በከተማ ገበያ የሚከፍለው ነው። በሁለቱ መካከል የማጓጓዣ፣ የነጋዴ ትርፍና ሌላም ወጪ አለ። አርሶ አደሩ የችርቻሮውን ዋጋ አይቶ "ይህን ያህል ካልሆነ አልሸጥም" ቢል ገበያው ላይ ቆሞ ሊውል ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ሁለቱን አስተያይቶ ምርቱን በጋራ አጓጉዞ ቢሸጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ማስላት ይችላል።

እነዚህ ሪፖርቶች ተሰብስበውና ተጠናቅረው እስኪወጡ ጊዜ ስለሚወስዱ ለነገው ገበያ ዋጋ አይነግሩም። ጥቅማቸው ያለፉትን ዓመታት በወር በወር አይቶ የዋጋውን አካሄድ ማወቅ ነው። እህል አዝመራው በሚገባበት ወቅት ረክሶ ክረምቱ ሲቃረብ መወደዱ የተለመደ ነው። ልዩነቱ በኪሎ ስንት ብር እንደሆነ ግን ሰንጠረዡ ያሳያል። ከዚያ ላይ የነቀዝ ጉዳትን፣ የመጋዘንና የከረጢት ወጪን ቀንሶ ማቆየቱ ያዋጣ እንደሆነ መወሰን የአርሶ አደሩ ፈንታ ነው። በምርት ገበያ የሚገበያዩትን እንደ ሰሊጥና ቡና ያሉ ምርቶች የዕለት ዋጋ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማዞር ይሻለዋል።

የሕዝብ ብዛት

ከግብርናው ጎን ለጎን የወረዳ አመራሮች ደጋግመው የሚፈልጉት የሕዝብ ብዛት ነው። ይህ በወረዳ ደረጃ ይገኛል። ሆኖም ቆጠራ ሳይሆን ትንበያ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያሉት ቁጥሮች በዚያ ላይ ተመሥርተው የተሰሉ ናቸው። ከ1999 በኋላ ለሁለት የተከፈለ፣ ተፈናቃይ የተቀበለ ወይም ነዋሪው የለቀቀበት ወረዳ ትንበያው እውነታውን ላያሳይለት ይችላል። በነፍስ ወከፍ ምርት የሚያሰላ ባለሙያ ይህን በሪፖርቱ ላይ ቢገልጽ ሪፖርቱን የሚቀበለውም አካል አይሳሳትም።

ቁጥሩ የሚመጣው ከማሳ ነው

በድረ ገጹ ላይ የሚፈለገው ሰንጠረዥ ያልተገኘለት ሰው ጥያቄውን በደብዳቤ ለተቋሙ ወይም በክልል ከተሞች ለሚገኙ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ ማቅረብ ይችላል። በዚህ ጊዜም አምስቱ ጥያቄዎች ተመልሰው ከተጻፉ ምላሹ ይፈጥናል። የወረደው ሰነድ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በዓመትና በቅጽ ተለይቶ ቢቀመጥ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራ አይቆምም፤ ባለሙያ ሲቀየርም ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም። ከሰንጠረዡ የተወሰደ ቁጥር በሪፖርት ላይ ሲሰፍር ቅጹን፣ ዓመቱንና የሰንጠረዡን ቁጥር አብሮ መጻፍ ደግሞ ሌላው ሰው እንዲያጣራው በር ይከፍታል።

በመጨረሻ ቁጥሩ ሁሉ የሚጀምረው መረጃ ሰብሳቢው በአርሶ አደሩ ደጅ ሲቆም ነው። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ከብቱን የሚያሳንስ፣ እርዳታ ይቀርብኛል ብሎ ምርቱን የሚደብቅ አይጠፋም። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ሕግ ግን ከግለሰብ የተሰበሰበ መረጃ በሚስጥር እንዲጠበቅና ለስታቲስቲክስ ሥራ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። በድረ ገጹ ላይ የሚወጣው የዞኑ ድምር እንጂ የአንድ ሰው በሬና ላም አይደለም። ሃያ ቤተሰቦች ብቻ በሚጠየቁበት የቆጠራ ቦታ የአንዱ የተሳሳተ መልስ የብዙ ጎረቤቶቹን ማሳ ወክሎ ይቆጠራል። ተመልሶ የሚመጣውም በማዳበሪያ ኮታ፣ በዘር አቅርቦትና በምግብ ክፍተት ግምት ላይ ነው። የወረዳው አመራርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይህን አስቀድመው ለአርሶ አደሩ ቢያስረዱ በሚቀጥለው ዓመት ድረ ገጹን ሲከፍቱ የሚያገኙት ቁጥር ለማሳው የቀረበ ይሆናል።